«ና» የተባለች ልጅ

ደሴ ላይ «አፈር ስሆን» ማለት ከቀረ ቆይቷል። የከለከለ ሕግ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በየምሰሶው የተሰቀለው ጆሮ ይህን ቃል የሰማ እንደሆነ፣ ሰው ሊሞት ነው ብሎ አምቡላንስ ይልካል። አራዳ ላይ አንዲት ሴትዮ ጎረቤቷን «አፈር ስሆን፣ ግቢና ቅመሺ» ብላ ስትለምን አምቡላንስ መጥቶ ጭኖ ወሰዳት፤ ምሳው ቀዘቀዘ፣ ጎረቤቷም ሳትቀምስ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሰው አፉን ሰበሰበ። «ልሙትልሽ» ቀረ። «እኔን ይድፋኝ» ቀረ። ሕፃን አቅፎ «ልብላህ» ማለትማ ፖሊስ ያስጠራል። ሰዉ ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ የተበጠረ አማርኛ ይናገራል፤ እንዲያ ካልተናገረ አውቶቡስ አይቆምለትም፣ የዳቦ ቤቱ መስኮትም አይከፈትለትም። ዓይን ግን አልተሰቀለም። «ፊታችንን አታንሱን» ብሎ ሕዝቡ እምቢ ስላለ ነገሩ በጆሮ ብቻ ቀረ። በዚያን ጊዜ ሰው አሸነፍን ብሎ ትንሽ ኮርቶ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ጦይባ ሰይድም እንደ ሰው ለምዳለች። ጠዋት በሩን «እባክዎ ይከፈቱ»፣ ምድጃውን «እባክዎ ይሙቁ» ትላለች። ከዚያ ወደ ሳሎን ትገባና ግድግዳው ውስጥ የቆመችውን ልጇን ሰላም ትላለች።

«እንደምን አደርሽ፣ እማዬ» ትላለች ልጅቷ።

«ደህና ነኝ፣ ሉባባ። አንቺስ እንዴት አደርሽ?»

«እኔም ደህና ነኝ። ዛሬ ደሴ ላይ ጭጋግ አለ።»

ይቺ ልጅ ማጽናኛ ናት፤ ልጅ ለጠፋበት ቤት የምትሰጥ የግድግዳ ምስል። እውነተኛዋ ሉባባ በሦስት ዓመቷ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ውስጥ ከእናቷ እጅ አምልጣ ከጠፋች አራት ዓመት ሆኗል። አንድ ዓመት ተፈለገች። ጦይባም ባሏም ተመረመሩ፤ በተለይ ባሏን ልጅህን የት አደረስካት ብለው አሥር ጊዜ ጠሩት። ምንም ሲታጣ፣ የጠፉ ሰዎች ክፍል መዝገቡን ዘግቶ ማጽናኛ ሰጣቸው። ደንቡ ይኸው ነው፤ ማጽናኛ የተቀበለ አይፈልግም፣ የሚፈልግ ማጽናኛ አያገኝም። ያመጡላቸው ሰዎች «በጠራ አማርኛ አናግሯት፣ ያኔ በደንብ ታድጋለች» ብለው መክረው ሄዱ።

እውነትም አደገች። ፀጉሯ ረዘመ፣ ቁመቷ ጨመረ፣ ባለፈው ወር የፊት ጥርሷ ወለቀ። ያን ቀን ጦይባ ሳታስበው ምንጣፉ ላይ ጎንበስ ብላ ጥርሱን ፈለገች። ጣሪያ ላይ የሚወረወር ጥርስ ግን አልነበረም።

ባሏ ይማም ልጅቷን ወዷታል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ማታ ሲገባ የደንበኞቹን ወሬ ያወራላታል፣ እሷም በሚያስቀው ቦታ ላይ ትስቃለች። ጦይባ አልፈረደችበትም፤ ሰው በተሰጠው ይጽናናል። እሷ ግን አልሆነላትም። ልጅቷ ላይ አንድ የጎደለ ነገር አለ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ዓመት አፍጥጣባታለች፤ ዓይኗም የልጇ ነው፣ ግንባሯም የልጇ ነው። ጉድለቱ አልያዝ ብሏት ኖረች።

በዚያ የጭጋግ ጠዋት ጦይባ የፈላ ሽሮ ከነድስቱ ይዛ ወደ ሳሎን ስትገባ የምንጣፉ ጫፍ እግሯን ያዛት። ድስቱ ወደ ግድግዳው አዘነበለ። ግድግዳው ሥር ደግሞ ልጅ ቆማለች። እናት በእንዲህ ያለ ሰዓት አታስብም።

«ዞር በል አንተ፣ እንዳላቃጥልህ» አለች።

ሽሮው ምንጣፉ ላይ ተደፋ። ግድግዳው ውስጥ ያለችው ልጅ ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች፣ ከዚያ በትሕትና ፈገግ አለች።

«እማዬ፣ እዚህ ወንድ ልጅ የለም» አለች።

ጦይባ ባዶውን ድስት እንደያዘች ቀረች።

ይህን ለወጣት አንባቢ ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም። የድሮ እናት ሴት ልጇን አብዝታ ስትወድ «አንተ» ትላታለች፤ ወንዱን ደግሞ «አንቺ»። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ፍቅር ሰዋስው አይገባውም መሰለኝ። ጦይባ ሉባባን ከወለደቻት ጀምሮ «ና ጌታዬ»፣ «ብላ አንተ»፣ «ተኛ አባቴ» ስትላት ነው የኖረችው። «አንቺ» የምትላት ስትቆጣት ብቻ ነበር። ይቺን የግድግዳዋን ልጅ ግን እንደ እንግዳ ልጅ አንድ ቀን «አንተ» ብላት አታውቅም።

ጉድለቱ ተያዘ። ግን ጦይባን ያንቀጠቀጣት ይኼ አልነበረም፣ ቀጥሎ የመጣባት ሐሳብ ነው። ጆሮው «አንተ» ሲባል ወንድ ነው የሚሰማው። ታዲያ ያን ቀን መናኸሪያ ውስጥ እሷ ምን እያለች ነበር የጮኸችው?

ነጠላዋን አንጠልጥላ ወጣች። የፈሰሰውን ሽሮ አላየችውም፣ ጫማዋም የግራና የቀኙ አንድ አልነበረም። በሩን «ተከፈት» አለችው፤ በሩ ጨዋ ንግግር ጠብቆ ዝም ሲላት በትከሻዋ ገፍታው ሄደች።

ይማም አንድ ሽማግሌ አስቀምጦ፣ አገጫቸውን አረፋ ቀብቶ ይላጫል።

«ይማም» አለች ከበሩ ላይ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ሉባባን ምን ብለው ነው የፈለጓት?»

«ምን ይበሏት? ሉባባ ይማም ነዋ።»

«ሴት ብለው?»

«እና ወንድ ይበሏት?»

«አዎ» አለች ጦይባ። «እስቲ አስታውስ። ያን ቀን መናኸሪያው ውስጥ ምን እያልኩ ነበር?»

ይማም ምላጩን ከሽማግሌው ጉሮሮ አራቀ። ለማስታወስ አልተቸገረም፤ ያ ጩኸት አራት ዓመት ሙሉ ጆሮው ውስጥ ነው ያለው። «የት ገባህ... ና አንተ... ና ጌታዬ...» አለ በቀስታ። ሲጨርሰው ፊቱ ተለወጠ። «ያ ረብ። ቆረቆር ይዟት ያን ዕለት ጠዋት ራሷንም ላጭቻት ነበር። ያያት ሰውም ወንድ ነው የሚለው።»

«እኔን እናቴ እስከ ሠርጌ ቀን አንቺ ነበር የምትለኝ» አሉ ሽማግሌው በአረፋው ውስጥ ሆነው። የሰማቸው አልነበረም።

«ወንድ ብለው ይፈልጉልን» አለች ጦይባ። «ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ። ልጄ የሆነ ቦታ ወንድ ተብላ ተጽፋለች።»

«እንዲፈልጉ መዝገቡ መከፈት አለበት» አለ ይማም። ምላጩን ጠረገ፤ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ደግሞ ጠረገው። «ከተከፈተ ይቺን ያጠፏታል።»

«አውቃለሁ።»

«ባናገኛትስ?»

«ሁለቱንም አጣን ማለት ነው» አለች። አልዋሸችውም።

ይማም ሽማግሌውን ግማሽ ፊታቸውን ላጭቶ ይቅርታ ጠየቀና ወደ ቤት ሄደ። ጦይባ ከኋላው ናት። ሳሎን ገብቶ ግድግዳው ፊት ቆመ።

«አባዬ፣ ዛሬ ቶሎ መጣህ» አለች ልጅቷ።

«ና አንተ» አላት።

«አባዬ፣ ለሴት ልጅ ‹ነይ› ነው የሚባለው።»

«ና ጌታዬ፣ ና አባቴ።»

«‹ነይ› ነው የሚባለው፣ አባዬ» አለች፤ ፈገግታዋ ቅድም የነበረው ነው፣ አልጨመረም አልቀነሰም።

ይማም ሳቀ፣ እየሳቀም እንባው መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህችን ልጅ ወዷት ነበር፤ ውሸት አልነበረም። «እውነትሽን ነው» አላት። «አንቺ ነሽ። ደህና ሁኚ፣ እሺ?»

«ደህና ዋል፣ አባዬ» አለች።

የጠፉ ሰዎች ክፍል ኃላፊ ኢንስፔክተር ያምሮት ወጣት ናት። በተበጠረ አማርኛ አፍ የፈታች፣ ነገር የማትደጋግም ሴት። ጦይባ እየተንተባተበች ስትነግራት አላቋረጠቻትም። ሲያበቃ «እትዬ ጦይባ፣ ጋሽ ይማም» አለች፣ «መዝገቡ የሚከፈተው ሁለታችሁም በድምፃችሁ ስትስማሙ ነው። ከዚያ በኋላ ማጽናኛው አይመለስም። ፍለጋው ባዶ ቢሆንም አይመለስም። ገብቷችኋል?»

«እስማማለሁ» አለች ጦይባ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ይማም ጉሮሮውን ጠረገ። ጦይባ ወደ እሱ ዞረች። ልትገፋው ፈለገች፣ ግን ይህ የሚገፋበት ነገር አልነበረም።

«እስማማለሁ» አለ።

በዚያች ቅጽበት ቤታቸው ያለው ግድግዳ ነጭ ሆነ። ማንም አላየውም።

ያምሮት ወደ ጠረጴዛዋ ጎንበስ ብላ «ያን ዕለት፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ ወንድ ሕፃን» አለች። ጆሮው በዚያ በሚታወቀው የለዘበ ድምፁ መለሰ።

«አንዲት እናት ወንድ ልጃቸውን ጠርተዋል። ቆይተው መጥራት አቁመዋል። ልጁ እንደተገኘ ተመዝግቧል።»

«ማን አቆመ?» አለች ጦይባ። «ድምፄ ተዘግቶ ነው እኮ። ወድቄ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይህኛው ጆሮ ደግሞ ባለቤትም የለው። ያምሮት ከንፈሯን ነከሰች። «በዚያው ዕለት፣ ከኮምቦልቻ በወጡ አውቶቡሶች ሁሉ፣ ብቻውን የተገኘ ወንድ ሕፃን።»

«አንድ አለ። ባቲ መናኸሪያ። ዕድሜ ሦስት ዓመት ገደማ። ፈላጊ አልመጣም። ጊዜያዊ ስም፦ ተገኝ።»

«ወንድ መሆኑ በምን ታወቀ?»

«ራሱ ተናግሯል።»

ያምሮት ቀና ብላ ጦይባን አየቻት። ጦይባ ምኑም አልገባትም፤ ሉባባ ያኔ ወንድና ሴት ለይታ የምታውቅ ልጅ አልነበረችም። ይማም የወንበሩን ክንድ ጨምድዷል።

«የልጁ ደም ከዚህ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ ያውቃል?» አለች ያምሮት። የተበጠረው አማርኛዋ ትንሽ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«አያውቅም። ጾታቸው የተለያየ ነው።»

«ይመሳከር።»

ፋታ አልነበረም። ይህን ያህል ዓመት የጠበቀ ነገር ትንሽ እንኳ አልዘገየም።

«ተመሳክሯል። ልጅዎ ናቸው» አለ ጆሮው።

የፖሊስ መኪናዋ ከደሴ ቁልቁል ስትወርድ ጭጋጉ ከላይ ቀረ። ጦይባ ጉልበቷ ላይ ለግድግዳዋ ልጅ ቁመት የሰፋችውን ቀሚስ ታቅፋለች፤ ከቤት ሲወጡ እንዴት እንዳነሳችው አታውቅም። አስሬ ትዘረጋዋለች፣ አስሬ ታጥፈዋለች። ይማም ፀጉሩን በጣቱ ያበጥራል፣ ወዲያው ያበላሸዋል። ኮምቦልቻን ሲያልፉ መናኸሪያውን ላለማየት ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ ሌላ ወገን ዞሩ፣ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙና ሳቁ። በአራት ዓመት ውስጥ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

«ባቲ» አለ ይማም። «ባቲ ብሎ ሩቅ። ለፍየል ገበያ ደርሼ የምመለስበት አገር።»

«አትናገር» አለችው። «አሁን አትናገር፣ ልቤ ልትወጣ ነው።»

ልቤ ልትወጣ ነው ስትል መኪናዋ ብልጭ አለችና «የልብ ሕመም ይሰማዎታል?» ስትል ጠየቀች። ያምሮት «አይሰማቸውም፣ ዝም ብለሽ ንጂ» አለቻት። የተበጠረ አማርኛ አልነበረም።

ባቲ ሀሩሯን ይዛ ተቀበለቻቸው። ኢንስፔክተሯ ቀድማ ስለደወለች ልጅቷን ያሳደጓት እማማ ዘሃራ ብርቱካናቸውን መደብ ላይ እንደደረደሩ ቆመው ይጠብቃሉ። ቀጠን ያሉ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው ያሰሩ ባልቴት ናቸው። ጦይባን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ግንባሯ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ፤ እዚያ ግንባር ላይ የሚያውቁትን ነገር አይተዋል።

«እኔ ወላሂ አልሰረቅኋትም» አሉ።

«አውቃለሁ እማማ። እኔ እንዲያ አላልኩም።»

«አውቶቡሱ ባዶ ሆኖ ‹አንድ መንገደኛ አልወረዱም› እያለ ይለፍፋል። ብገባ፣ አንድ የተላጨ ሕፃን ወንበር ሥር የጫጩት ካርቶን አቅፎ ተቀምጧል። ጫጩቶቹን ተከትላ ገብታ ኖሯል። ‹ስምዎ ማን ነው?› አላት ጆሮው። ‹አንተ› አለችው። ደግሞ ጠየቃት፣ ‹አንተ›። ወንድ ነኝ አለ ብሎ ጻፈ።»

ጦይባ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ቤት ወስጄ ሳጥባት ሴት ሆና አገኘኋት» አሉ እማማ ዘሃራ። «ተመልሼ ነገርኩት። ‹ስህተት የለም› አለኝ። በየዓመቱ እየሄድኩ እነግረዋለሁ፣ በየዓመቱ ስህተት የለም ይለኛል። ተገኝ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ነው። እኛ የባቲ ሰዎች ግን በስሟ ነው የምንጠራት።»

«ስሟ ማን ነው?» አለ ይማም፣ እያወቀው።

«አንተ ነዋ። ራሷ አይደለች የነገረችን።»

ጦይባ ብርቱካኑ መደብ ጎን አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ «አንተ፣ አንተ» ሲባል የሰማ ሕፃን፣ ስሙን ሲጠየቅ ሌላ ምን ሊል ኖሯል? ልጇ አልተሳሳተችም። የጠየቋትን በትክክል ነበር የመለሰችው።

እማማ ዘሃራ ጎንበስ ብለው በብብቷ ይዘው አነሷት። «ስሚኝ ልጄ» አሉ። «እዚያ ዛፍ ሥር ከልጆቹ ጋር ትጫወታለች። ምንም አልነገርኳትም። አንቺው ጥሪያት። ከመጣች አብሽሪ፣ አብረን ቡና አፍልተን እንነጋገራለን። ካልመጣች ግን ዛሬ አትወስጃትም፤ እየመጣሽ ትለምድሻለች። ጎትቶ የወሰዳት እንደሆነ እኔም እሞታለሁ፣ እሷም ታብዳለች።»

በአቅራቢያው ያለው ምሰሶ «እሞታለሁ» የሚለውን ሰምቶ መብራቱን አበራ። ሴትዮዋ ዞር ብለው ገላመጡት፤ አጠፋው። ባቲ ላይ የለመደ ይመስላል።

ዛፉ ሥር ስምንት ዘጠኝ ልጆች አቧራ እያስነሱ ጠጠር ይጫወታሉ፤ ወንዱም ሴቱም ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ጦይባ የትኛዋ እንደሆነች አልለየችም። ቀሚሱን የሰፋችላት ልጅ ቁመት ያላት አንዲትም የለች። ጠጋ አለች። ይማም ከኋላዋ ቀረ።

አፏን ከፈተች። ለብዙ ዓመት የተበጠረ አማርኛ የለመደ አፍ ነው፤ መጀመሪያ የመጣላት «ነይ» ነበር። ዋጠችው።

«አንተ» አለች። ድምፅዋ ተሰነጣጠቀ። «ና ጌታዬ። ና አባቴ።»

ሦስት ወንዶች ልጆች ዞር አሉና እነሱን እንዳልሆነ ሲያዩ ወደ ጠጠራቸው ተመለሱ። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉልበቷ በአቧራ የነጣ ልጅ ብቻ ቆማ ቀረች። ግንባሯ የጦይባ ግንባር ነው። እማማ ዘሃራን ፈልጋ አየቻቸው። እሳቸው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ራሳቸውን ነቅንቀው ሂጂ አሏት።

መጣች። ጠጠሩን በጡጫዋ ይዛ፣ ልትሸሽም ልትቀርብም በምትችልበት ቦታ ላይ ቆመች።

«ስሜን ማን ነገረሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ ያወጣሁልህ» አለች ጦይባ። «እኔ እናትህ፣ አፈር ስሆን።»

ምሰሶው ወዲያው በራ። «የሞት ሐሳብ ተሰምቷል። አምቡላንስ ይላክልዎት?»

«ዝም በይ አንቺ» አለው ይማም ምሰሶውን፣ እያለቀሰ።

ልጅቷ ምሰሶው አንቺ ሲባል ሰምታ ሳቀች። አፏን ከፍታ ስትስቅ የፊት ጥርሷ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ተነቃነቀ። ጦይባ አየችው። ገና አልወለቀም።